ላውዝ 68 ዓመት የጠበቀው ፉጨት፦ በጌሊክ እግር ኳስ ያልተጠበቀ ውጤት ሕዝብን ለምን ያስለቅሳል?

እ.ኤ.አ. ሜይ 11፣ 2025 በአየርላንድ ዋና ከተማ ደብሊን በሚገኘው ክሮክ ፓርክ ስታዲየም፣ ከ65 ሺህ በላይ ተመልካች ፊት፣ የሌንስተር ክፍለ ሀገር የጌሊክ እግር ኳስ ፍጻሜ ተካሄደ። ላውዝ የተባለው ካውንቲ ቡድን ጎረቤቱን ሚዝን 3-14 ለ 1-18 አሸነፈ። ልዩነቱ ሁለት ነጥብ ብቻ ነበር። ላውዝ ይህን ዋንጫ ከዚያ በፊት ያነሳው በ1957 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው የመጨረሻው ፉጨት ሲሰማ የ78 ዓመት አዛውንት ሆኗል። በመካከሉ ስንት ሰው “ዘንድሮስ” እያለ በየዓመቱ ስታዲየም ተመላልሶ፣ ሳያይ አልፏል።

ከዚህ ድል በኋላ በቀይ ለባሾቹ የላውዝ ደጋፊዎች መካከል የታየው ስሜት ከተራ የእግር ኳስ ደስታ ይለያል። ጎልማሶች እንደ ልጅ አለቀሱ። የምን እንባ ነው? ለዚህ መልስ መስጠት የሚቻል ይመስለኛል። መልሱም የአየርላንድ ስፖርት ከተወጠረበት፣ የክፍለ ሀገር ሻምፒዮናዎች ይቅሩ ወይስ ይቆዩ ከሚለው ክርክር ጋር በቀጥታ ይገናኛል፤ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይበጃል።

ጨዋታውን ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ፦ 15 ተጫዋቾች ከ15 ጋር ይገጥማሉ፤ ኳሷ በእጅም በእግርም ትጫወታለች። የግቡ ቋሚዎች ከአግዳሚው በላይ ይቀጥላሉ። ኳስ ከአግዳሚው በታች መረብ ውስጥ ከገባች ግብ ናት፣ 3 ነጥብ ታስገኛለች። በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ከአግዳሚው በላይ ካለፈች 1 ነጥብ። ውጤት ሲጻፍ የመጀመሪያው ቁጥር ግብ፣ ሁለተኛው ነጥብ ነው። 3-14 ማለት ሦስት ግብና 14 ነጥብ፣ በድምሩ 23 ነው። 1-18 ደግሞ 21።

ከሕጉ ይልቅ ለኛ ጉዳይ የሚያስፈልገው ግን የማኅበሩ አሠራር ነው። ጨዋታውን የሚመራው የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር በ1884 ተርልስ በተባለች ከተማ ተመሠረተ። እስከ ዛሬ ድረስ ለተጫዋች ደመወዝ አይከፈልም። ሰኞ ጠዋት ተጫዋቹ ወደ ማስተማሪያ ክፍሉ፣ ወደ ሆስፒታሉ ወይም ወደ እርሻው ይመለሳል። የሚጫወተው ደግሞ ለተወለደበትና ላደገበት ካውንቲ ነው። ካውንቲ ስንል በቀድሞ አጠራራችን አውራጃ ከምንለው ጋር የሚቀራረብ ነው። የዝውውር መስኮት የለም። ከስንት አንዴ በሥራና በመኖሪያ ምክንያት ካውንቲ የሚቀይር ተጫዋች ይኖራል እንጂ፣ ገንዘብ ይዞ መጥቶ “ይህን አጥቂ ስጡኝ” የሚል የለም።

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን የሚከታተል ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ቆም ብሎ ያስብበት። የምትደግፈው ክለብ ሲከፋው አጥቂ ይገዛል፤ አንተም ሲሰለችህ ፊትህን ታዞራለህ፤ ሌላ መውደድም ትችላለህ። የላውዝ ሰው ሁለቱም አማራጭ የለውም። በስፋት ከአየርላንድ 32 ካውንቲዎች ትንሹ የሆነው ላውዝ የሚያሰልፈው ራሱ የወለዳቸውን ልጆች ነው። ሕዝቡ 140 ሺህ ገደማ ነው። በዚሁ ክፍለ ሀገር ውስጥ ያለው ደብሊን ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ነዋሪ አለው። ሁለቱም 15 ልጆች ይዘው ሜዳ ይገባሉ። መውጫ በሌለበት ፍቅር ውስጥ ሽንፈት ከዓመት ወደ ዓመት ይጠራቀማል፤ ከአባት ወደ ልጅም ይወረሳል። የ2025ቱ እንባ የተጠራቀመ ሒሳብ ነበር።

ከዚያ ሒሳብ ውስጥ ትልቁ ዕዳ የተጻፈው ጁላይ 11፣ 2010 ነው።

በዚያን ቀን ላውዝና ሚዝ በዚሁ ክሮክ ፓርክ፣ በዚሁ የሌንስተር ፍጻሜ ተገናኝተው ነበር። ላውዝ ለፍጻሜ ሲደርስ ከ1960 በኋላ የመጀመሪያው ነበር። መደበኛው ሰዓት አልቆ በባከነው ሰዓት ላውዝ በአንድ ነጥብ ይመራል። ኳስ ወደ ላውዝ ግብ ክልል ተላከች፤ ትርምስ ተፈጠረ፤ የሚዙ ጆ ሸሪዳን ኳሷን በእጁ ይዞ ከመስመሩ አሳለፋት። በሕጉ ኳስን ተሸክሞ ወይም ወርውሮ ግብ ማስቆጠር ክልክል ነው። ዳኛው ግን ግብ ብሎ አጸደቀ። ጨዋታው 1-12 ለ 1-10 በሚዝ አሸናፊነት አለቀ።

ቀጥሎ የሆነውን የአየርላንድ ሰው ባይረሳው አይገርምም። የተቆጡ የላውዝ ደጋፊዎች ሜዳ ገብተው ዳኛውን አሳደዱ፤ ገፈተሩት፤ የመቱትም ነበሩ። በፖሊስ ታጅቦ ወጣ። ይህን በምንም ሚዛን ማጽደቅ አይቻልም። ዳኛውም እንደ ተጫዋቾቹ ሁሉ ሰኞ ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው ነበር፤ ተሳስቷል፣ መሳሳቱንም በማግስቱ አምኗል። የማመኑ ነገር ግን የላውዝን ቁስል ይበልጥ አመረቀዘው። ምክንያቱም ማኅበሩ “ስህተት መሆኑን እናውቃለን፣ ሆኖም ጨዋታው እንዲደገም የማዘዝ ሥልጣን በሕጋችን የለንም” አለ። ድጋሚ ጨዋታ ሊኖር የሚችለው ሚዝ ራሱ ከፈቀደ ብቻ ሆነ። የሚዝ ካውንቲ ቦርድም አልደግምም አለ። ዋንጫው የሚዝ ከተማ በሆነችው ናቫን ገባ፤ ጉዳዩም ተዘጋ።

እንግዲህ ላውዝ ውስጥ በ2010 የ8 ዓመት ልጅ የነበረ ሁሉ ያን ቀን ያስታውሳል። በ2025 ሜዳ ከገቡት ተጫዋቾች አብዛኞቹ በዚያ ዕድሜ ክልል የነበሩ ናቸው። አባታቸው ሲያለቅስ አይተው ያደጉ ልጆች፣ 15 ዓመት ቆይተው በዚያው ሣር ላይ፣ ከዚያው ጎረቤት ጋር፣ ለዚያው ዋንጫ ተሰለፉ። ዴላኒ የሚባለውን ዋንጫ አምበላቸው ሳም ሙልሮይ ከፍ ሲያደርገው የተፈታው ቋጠሮ የ1957 ብቻ አልነበረም።

እዚህ ላይ ለእውነት ስንል አንድ ነገር መለየት አለብን። ላውዝ ማሸነፉ ታሪካዊ ነው እንጂ ከሰማይ የወረደ ዱብ ዕዳ አይደለም። በ2021 በብሔራዊ ሊጉ በአራተኛው፣ ማለትም በመጨረሻው ዲቪዚዮን ነበር። ከታይሮን ጋር ሦስት ጊዜ የአየርላንድ ዋንጫ ያነሳው አሠልጣኝ ሚኪ ሃርት መጥቶ ሁለት ደረጃ አሳደገው። ቀጥሎ ጄር ብሬናን ተረከበው። በ2023 እና በ2024 ለሌንስተር ፍጻሜ ደርሶ ሁለቱንም በደብሊን ተሸነፈ። የመጀመሪያው ሽንፈት 5-21 ለ 0-15 ነበር፣ ማለትም የ21 ነጥብ ልዩነት። ሁለተኛው ደግሞ 1-19 ለ 2-12፣ ይኸኛው አራት ብቻ። በመካከሉ የተሠራውን ሥራ እነዚህ ሁለት ውጤቶች ያሳያሉ። ከ20 ዓመት በታች ያለው ቡድኑም በዚያው በ2025 የሌንስተር ሻምፒዮን ሆነ።

አገር ጉድ ያለበት ውጤት የመጣው ከፍጻሜው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ኤፕሪል 27 ነው። ፖርትሊሽ በተባለች ከተማ በተደረገው ግማሽ ፍጻሜ ሚዝ ደብሊንን 0-23 ለ 1-16 አሸነፈ።

የዚህን ክብደት ለመረዳት ደብሊን ሌንስተርን ምን አድርጎት እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ከ2011 እስከ 2024 ደብሊን 14 ጊዜ በተከታታይ የሌንስተርን ዋንጫ ወስዷል። ከ2005 ጀምረን ብንቆጥር ከ20 ዋንጫ 19ኙን ማለት ነው፤ ያመለጠችው አንዷ የ2010ሯ ናት። በአገር አቀፉ ሻምፒዮና ደግሞ ከ2015 እስከ 2020 ስድስት ጊዜ በተከታታይ አሸንፏል፤ ማንም ቡድን ከዚያ በፊት ያላደረገው ነገር ነው። ትውልዱ ድንቅ ነበር፣ አያከራክርም። ይሁን እንጂ ከሕዝቡ ብዛት በተጨማሪ ማኅበሩ ለደብሊን የልጆችና የወጣቶች ሥልጠና ለዓመታት በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዩሮ ሲያፈስ መቆየቱ፣ ትልልቅ ጨዋታዎቹንም በራሱ ከተማ በክሮክ ፓርክ መጫወቱ ሚዛኑን አዛብቶታል። “ደብሊንን ለሁለት እንክፈለው” የሚል ሐሳብ በቁም ነገር የቀረበው በዚህ የተነሳ ነው።

የበላይነቱ በደጋፊው ላይ ያደረሰው ጉዳት ከዋንጫ ቆጠራው ይልቅ በመቀመጫዎቹ ላይ ይታይ ነበር። በ2024 ደብሊንና ላውዝ ለፍጻሜ ሲጫወቱ፣ ከ82 ሺህ ሰው በላይ በሚይዘው ክሮክ ፓርክ የተገኘው ተመልካች 25 ሺህ አይሞላም። ስታዲየሙ ያው፣ ዋንጫው ያው፣ ከተፋላሚዎቹም አንዱ ያው ላውዝ ነው። በ2025 ደብሊን ሲወጣና ውጤቱ የማይታወቅ ሲሆን ተመልካቹ ከ65 ሺህ አለፈ። ትልቁ ከተማ ተጫውቶ ያልሞላውን ስታዲየም ሁለት ትንንሽ ካውንቲዎች ሊሞሉት ተቃረቡ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ደጋፊው ጨዋታውን አልጠላውም ነበር። ተስፋ ስላጣ ነበር ቤቱ የቀረው።

የደብሊን ደጋፊዎችም ቢሆኑ አልተረፉም። የአዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋን የሚያውቅ ሰው የክሮክ ፓርኩን ሂል 16 ለመገመት አይቸገርም፤ ሰው ቆሞ የሚያይበት፣ ሰማያዊ ለባሹ ሠራተኛ ሕዝብ ሲዘምር የሚውልበት ወገን ነው። ያ ወገን በሌንስተር ጨዋታዎች እየሳሳ ሄደ። በ20 ነጥብ የሚያልቅ ጨዋታ ለማየት ማን እሑዱን ያጠፋል?

ታዲያ ሚዝ እንዴት ቻለ? አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፤ ትውልድ አለቀ። ከ2024 ውድድር በኋላ እነ ብራያን ፌንተን፣ ጄምስ ማካርቲና ሚክ ፊትዝሲመንስ ማልያቸውን ሰቀሉ። ፌንተን የዘመኑ ምርጥ የመሐል ተጫዋች ነበር ብል ብዙ ሰው የሚቃወመኝ አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ሰው ደመወዝ በማይከፈልበት ስፖርት ውስጥ “በቃኝ” ሲል በገንዘብ አይተካም። ያ ሕግ ላውዝን ለ68 ዓመት እንዳስጨነቀው ሁሉ ደብሊንንም አሁን ያዘው።

ሁለተኛው ምክንያት የአዲሶቹ ሕጎች ነገር ነው። በ2024 መጨረሻ ማኅበሩ ልዩ ጉባኤ ጠርቶ ጨዋታውን ከመሠረቱ የሚቀይሩ ደንቦችን አጸደቀ። አጥኚውን ኮሚቴ የመራው ጂም ጋቪን ነው፤ ደብሊንን ለአምስት ተከታታይ ዋንጫ ያበቃው አሠልጣኝ ራሱ። ከግቡ 40 ሜትር ርቆ ሜዳው ላይ ከተሰመረው ቅስት ውጪ ተመትቶ ከአግዳሚው በላይ ያለፈ ኳስ 2 ነጥብ እንዲያስገኝ ተደረገ። እያንዳንዱ ቡድን ምንጊዜም ሦስት ተጫዋች በተቃራኒው ሜዳ እንዲያስቀር ተገደደ፤ 15ቱም ግብ አፍ ላይ ተሰብስበው መከላከል ቀረ። ግብ ጠባቂውም ጨዋታ ሲያስጀምር ኳሷን ከቅስቱ በላይ እንዲያሻግር ግድ ሆነ። ቀድሞ ቡድኖች ኳስ በአጭሩ ተቀባብለው ለደቂቃዎች ይዘው መቆየት ይችሉ ነበር፤ በዚህ ጥበብ ደብሊንን የሚያህል አልነበረም። አሁን ኳሷ አየር ላይ ወጥታ ሁለት ሰው ዘሎ ይታገልባታል። ከሩቅ የሚመታ ጥሩ እግር ያለው፣ ነፋስ ከኋላው ያገኘ ቡድን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጨዋታን ይገለብጣል።

ይህ ማለት ዕድል በዛ ማለት ነው? በከፊል አዎ። እኔ ግን ይህን እንደ ጉድለት አላየውም። የቀድሞው አጨዋወት የሰው ኃይልና የዝግጅት ብልጫ ያለውን ቡድን ከስህተት የሚጠብቅ ነበር። አዲሱ ደግሞ ስህተትን ወደ ሜዳው መለሰው። ከስህተት ጋር ደግሞ ተመልካቹ መጣ።

የሚዝ ደጋፊዎች በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ያሳለፉትን ማሰብ ያስፈልጋል፤ ከላውዞች ታሪክ ባልተናነሰ ልብ ይነካል። ሚዝ የትናንት ኃያል ነው። ሰባት ጊዜ የአየርላንድ ሻምፒዮን ሆኗል፤ የመጨረሻው በ1999። ከደብሊን ጋር ያላቸው ፉክክር በ1991 የአገር ወሬ ነበር። አንድ የሌንስተር የመጀመሪያ ዙር ጨዋታ አሸናፊ አጥቶ ሦስት ጊዜ በአቻ ተለያዩ፤ በአራተኛው ሚዝ በአንድ ነጥብ ብልጫ አለፈ። ያን ያየ አባት ለልጁ ሲተርክ ኖሯል፤ ልጁ ግን በዓይኑ ያየው የደብሊንን ቅጥቀጣ ብቻ ነው። እናም ፖርትሊሽ ላይ ያ ትውልድ ተረቱ እውነት መሆኑን አየ። ሸክሙ የወረደ፣ ከባዱ ተራራ የታለፈ መሰለ። ከ14 ቀን በኋላ ደግሞ ዋንጫውን ለጎረቤት አስረክቦ ወጣ። ደስታውም ሐዘኑም በአንድ ወር ውስጥ ተፈራረቀበት።

ጎረቤት ስል የምሬን ነው። ድሮኸዳ የላውዝ ትልቅ ከተማ ናት፤ ደቡባዊ ዳርቻዋ ግን ከሚዝ ጋር ተያይዟል። ቤታቸው ሚዝ፣ ገበያቸው ላውዝ የሆነ ሰዎች ብዙ ናቸው። ባል አረንጓዴ፣ ሚስት ቀይ የሚለብሱበት ቤት አለ። በክሮክ ፓርክ ደግሞ የሁለት ቡድን ደጋፊዎችን የሚለይ አጥር፣ የሚለይ የፖሊስ ሰልፍ የለም፤ ተቀላቅለው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ስለዚህ ግብ ሲቆጠር አንዱ ሲዘል አጠገቡ ያለው ራሱን ይይዛል፤ ከዚያም በአንድ መኪና ወደ ቤት የሚመለሱ አሉ። በሌላው ዓለም የተለመደው የደጋፊ ጥላቻ እዚህ ቦታ ያጣው በሕግ ብዛት አይመስለኝም። ነገ በዳቦ ቤት የምታገኘውን ሰው ዛሬ መስደብ ያስቸግራል። የ2010ሩ ቁጣ ራሱ ያረፈው በሚዝ ደጋፊ ላይ ሳይሆን በዳኛው ላይ እንደነበር ልብ ይሏል።

እንዲህ ያለ የደስታ ጎርፍ በአየርላንድ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ አይደለም። በ1992 ክሌር ኃያሉን ኬሪን 2-10 ለ 0-12 አሸንፎ የሌላውን ክፍለ ሀገር የመንስተርን ዋንጫ ወሰደ፤ ከ1917 በኋላ የመጀመሪያው ነበር። የስፖርት ጋዜጠኛው ማርቲ ሞሪሲ በዚያ ሰዓት “ዛሬ ማታ በክሌር አንዲት ላም አትታለብም” አለ። ገበሬው ሁሉ ጨዋታው ሜዳ ነበርና። አየርላንዳውያን ይህችን ቃል ከ30 ዓመት በላይ ሲደጋግሟት ይኖራሉ። በገጠር ላደገ ለኛ አገር አንባቢም ማስረዳት አያስፈልጋትም፤ ላም ሳትታለብ የምታድርበት ደስታ ምን እንደሚያህል ያውቃል።

በ2020 ደግሞ ሌላ ዓይነት ነበር። ኮቪድ ስታዲየሞቹን ዘግቶ፣ ኖቬምበር 22 በአንድ ቀን ሁለት ጉድ ተሰማ። ካቫን ዶኔጋልን አሸንፎ ከ1997 በኋላ የመጀመሪያውን የአልስተር ክፍለ ሀገር ዋንጫ አነሳ። ቲፐራሪ ደግሞ ኮርክን ረትቶ ከ1935 በኋላ የመጀመሪያውን የመንስተር ዋንጫ ወሰደ። ቀኑ የእንግሊዝ ኃይሎች በክሮክ ፓርክ ተኩስ ከፍተው 14 ሰው ከገደሉበት፣ የቲፐራሪው ተጫዋች ማይክል ሆጋን ከወደቀበት ከኖቬምበር 21፣ 1920 መቶኛ ዓመት ማግስት ነበር። ለዚያ መታሰቢያ የተሰፋ ማልያ ለብሰው ያሸነፉት ልጆች የደረሱበት መድረክ ባዶ ነበር፤ 85 ዓመት የጠበቀው ሕዝብ በየቤቱ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ነበር የቀረው። ቀጥሎ በአገር አቀፉ ግማሽ ፍጻሜ ሁለቱም በሰፊ ውጤት ተሸነፉ። ማንም ግን የኖቬምበሩን ድል በዲሴምበሩ ሽንፈት አልለካውም። ላውዝም በ2025 ከሌንስተር ድሉ በኋላ በጁን በዶኔጋል ተሸንፎ ከአገር አቀፉ ውድድር ወጥቷል። የዴላኒ ዋንጫ ግን ቤቱ ነበር።

የደጋፊው ስሜት ሁሌ እንዲህ ያማረ ነው ማለቴ አይደለም። በዚያው ጁን ሚዝ በቱላሞር ኬሪን 1-22 ለ 0-16 አሸነፈ። በጉዳት ሰው የጎደለበት ኬሪ በዚያን ጊዜ 38 አገር አቀፍ የአየርላንድ ዋንጫ የነበረው ካውንቲ ነው፤ ለሚዝ መሸነፍን እንደ ውርደት ቆጠረው። በአሠልጣኙ ጃክ ኦኮነርና በተጫዋቾቹ ላይ ከባድ ትችት ወረደ። ከዚያ ኬሪ የቀድሞውን ሻምፒዮን አርማን 0-32 ለ 1-21 አሸንፎ፣ በጁላይ ዶኔጋልን 1-26 ለ 0-19 ረትቶ አገር አቀፉን ዋንጫ ወሰደ። አሠልጣኙ ትችቱ እንዳቆሰለው አልደበቀም። ደመወዝ የሚበላ ባለሙያ ትችትን የሥራው አካል አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ከሥራ ወጥቶ በምሽት የሚለማመድ መምህር ግን ስድቡን በማግስቱ ተማሪዎቹ ፊት ይዞት ይቆማል። ያው ቅርበት በድል ቀን ጸጋ፣ በሽንፈት ቀን ሸክም ነው። ደጋፊዎች ይህን ቢያስቡበት እመኛለሁ።

አሁን ወደ ክርክሩ ልመለስ። የክፍለ ሀገር ሻምፒዮናዎች ይቅሩ የሚሉ ወገኖች ጠንካራ ምክንያት አላቸው፤ ሚዛኑ የተዛባ ነው፣ ትንንሾቹ ካውንቲዎች በየዓመቱ ለመቀጥቀጥ ይጠራሉ ይላሉ። በ2021 ለልዩ ጉባኤ የቀረበው የለውጥ ሐሳብ ከግማሽ በጥቂቱ የበለጠ ድምፅ አግኝቶ፣ ለማለፍ የሚያስፈልገውን 60 በመቶ ስላልሞላ ወደቀ። ያኔ አልፎ ቢሆን ኖሮ ለ2025ቱ ላውዝ ያ ዋንጫ ይህን ያህል ትርጉም ባልኖረው ነበር። ላውዝ የአየርላንድ ሻምፒዮን የሚሆንበት ዕድል ጠባብ ነው፤ ሦስት ጊዜ ብቻ አሸንፏል፣ የመጨረሻው አምበሉ ደርሞት ኦብራየን የተባለ ስመ ጥር አኮርዲዮን ተጫዋች በነበረበት በዚያው በ1957። ሌንስተር ግን ሊደረስበት የሚችል፣ ጎረቤትን አሸንፎ የሚወሰድ ዋንጫ ነው። ይህን እርከን ነቅለን ብንጥል ለትንሹ ካውንቲ የሚተርፈው ከታች ሆኖ ማንጋጠጥ ነው።

ሆኖም የላውዝን ድል ይዞ “እዩ፣ ሁሉም ነገር ደህና ነው” ማለትም ስህተት ነው። 14 ዓመት አንድ አሸናፊ ብቻ ያየ ውድድር በአንድ ፀደይ አይፈወስም። መንስተርን ተመልከቱ፤ ክሌር በ2023፣ በ2024 እና በ2025 ለፍጻሜ ደርሶ ሦስቱንም በኬሪ ተሸነፈ። ሕጉ ተቀይሮም እዚያ የተቀየረ ነገር የለም። ደብሊንም ቢሆን ጠፍቶ የሚቀር አይደለም፤ ከ2025 ውድድር በኋላ አዲስ አሠልጣኝ አድርጎ የሾመው ላውዝን ለዚያ ዋንጫ ያበቃውን ጄር ብሬናንን ነው። ብሬናን በ2011 እና በ2013 ከደብሊን ጋር ሻምፒዮን የሆነ ተጫዋች ስለነበር ወደ ቤቱ ተመለሰ እንጂ ከዳ የሚባል አይደለም። ግን የሚያሳየው አለ፤ ተጫዋች ከካውንቲው አይወጣም፣ ዕውቀትና ገንዘብ ግን ወደ ትልቁ ከተማ መሄጃ መንገድ አያጡም።

ስለዚህ ማኅበሩ ውድድሩን ባለበት ይተውና ገንዘቡን ያንቀሳቅስ ነው የምለው። የወጣቶች አሠልጣኝ ቅጥር፣ የልምምድ ሜዳ፣ የጉዳት ሕክምና በሕዝብ ብዛት ብቻ አይደልደል። የክሌር፣ የካቫንና የላውዝ ዓይነት ካውንቲዎች ከድርሻቸው በላይ ያግኙ። ግማሽ ፍጻሜዎች እንደ ፖርትሊሹ ጨዋታ ከዋና ከተማው ውጪ መካሄዳቸውም ቋሚ ደንብ ይሁን። ደብሊን ሜዳውን ለቆ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሲጫወት ምን እንደሚሆን አገሩ ሁሉ አይቷል።